የጌጥ ፊደል

የጌጥ ፊደል ለርዕስ፣ ለታፔላ፣ ለፖስተርና ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሣል፣ ወጣ ያለ መልክ ያለው የፊደል ቅርጽ ነው። በኢትዮጵያ መሠረቱ የእጅ ሥራ ነው፤ ጠመንጃ ያዥን በመሰሉ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የጸጉር ቤትና የሱቅ ስም በቀለምና በብሩሽ ሲጻፍ ኖሯል። ጸሐፊው ቦታ ሲጠበው የመጨረሻዎቹን ፊደላት ያቀጥናል። ጉድለቱ ራሱ የመልኩ አካል ሆኗል፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው።

ሥራው ከላቲኑ ይከብዳል። የላቲን ዲዛይነር 26 ፊደላትን በትልቅና በትንሽ መልክ ይሥላል፤ የአማርኛው ግን 33 ፊደላትን በ7 መልክ፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ጌጡም እንደልብ አይጨመርም። በ«ለ» ቀኝ እግር ሥር ጭረት ያከለ «ሊ» ብሎ ያስነብባል፤ ጭረቱ ወደ መሀል ከፍ ካለ «ሉ»፣ እግሩ ላይ ቀለበት ከሆነ «ሌ» ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ሠሪ ጭረት ከመጨመር ይልቅ የመስመሩን ውፍረትና ዘንበል ማለት ይለዋውጣል።

በዘርፉ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው የፊደል ሠዓሊው ይገዙ ብስራት ነው። «ጎቲክ» እና «ጎፈር» የተባሉ የኮምፒውተር ፎንቶች በስሙ ይጠራሉ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ደረጃ በሆነው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መካተቱ በእንዲህ ያሉ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሳይበላሽ እንዲያልፍ ረድቷል።

የጌጥ ፊደል ለሠርግ ጥሪና ለፊልም ፖስተር ያምራል። ለጋዜጣ ዐምድ ግን አይመከርም፤ በትንሽ መጠን ቀለበቶቹ ይደፈናሉ።