የኤዲተሮች ክርክር ጥንተ ነገር

የኮምፒዩተር ሥርዓት አስተዳዳሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ከሚነሡት ክርክሮች ሽማግሌው፣ ጽሑፍ ለመጻፍና ለማረም ከሚያገለግሉት ኤዲተሮች መካከል ቪአይ ይበልጣል ወይስ ኢማክስ የሚለው ሲሆን፣ ተሟጋቾቹ ስለ ጥበብና ስለ አእምሮ ሥርዓት የሚከራከሩ ቢመስላቸውም፣ ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ልዩነቱ በብዛት የመነጨው ከስልክ መስመር ቅጥነትና ከቁልፍ ሰሌዳ አሠራር ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ኬን ቶምሰን በኒው ጀርዚ በቤል ቤተ ሙከራ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲጀምር፣ መጻፊያው ስክሪን የሌለው፣ በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ በወረቀት ላይ የሚመታ ቴሌታይፕ ስለ ነበረ፣ ለዚሁ የተሠራው ኢዲ የተባለው ኤዲተር እንደ መናኝ ቃለ ቁጥብ ሆነ፤ ተጠቃሚው ሲሳሳት እንኳ የሚያገኘው መልስ አንዲት የጥያቄ ምልክት ነበረች፤ የስሕተቱን ዓይነት መርምሮ ማግኘት የባለቤቱ ፈንታ ነበር።

በ1976 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ቢል ጆይ፣ የለንደኑ መምህር ጆርጅ ኩሉሪስ ኢዲን አሻሽሎ ለስክሪን ያዘጋጀውን አይቶ በዚያው መንፈስ ቪአይን ሲጀምር፣ በስልክ መስመር የሚሠራበት ሞደም በሴኮንድ 30 ያህል ፊደል ብቻ ያስተላልፍ ነበርና፣ በየመስመሩ 80 ፊደል ያለውን ባለ 24 መስመር ስክሪን አንድ ጊዜ ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። ገጹን ደጋግሞ መሣል በማይቻልበት በዚያ ሁኔታ፣ ሁለት ፊደል ሲመታ ሙሉ መስመር እንዲሰረዝ ማድረግ ግዴታ እንጂ ቅንጦት አልነበረም። ኤዲኤም ሦስት ኤ የተባለው ተርሚናሉም የአቅጣጫ ቀስቶችን የያዘው በኤች፣ በጄይ፣ በኬይና በኤል ቁልፎች ላይ ስለ ነበረ፣ መሣሪያው ከገበያ ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ የተወለዱ ወጣቶች ዛሬም በእነዚሁ አራት ፊደላት ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ፤ ደግሞም በዩኒክስ የተጠቃሚው የግል ማኅደር በሞገድ መሰሉ ምልክት መጠቆሙ፣ ያ ምልክት በዚያው ሰሌዳ ላይ “ሆም” ከሚለው ጋር በአንድ ቁልፍ ይኖር ስለ ነበረ ነው።

ኢማክስ ግን በዚያው ዓመት በኤምአይቲ ቤተ ሙከራ፣ መስመሩ ፈጣን፣ ሰሌዳውም በትእዛዝ ቁልፎች የበለጸገ በሆነበት ስፍራ ስለ ተወለደ፣ ቁጠባን ሳይማር አደገ። ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነው ሪቻርድ ስቶልማን በኋላ ካባ ለብሶ፣ የዲስክ ሰሌዳም እንደ አክሊለ ብርሃን ደፍቶ፣ ነፃ የሆነውን የቪአይ ቅጂ መጠቀም ኃጢአት ሳይሆን ቀኖና ነው እያለ ሲቀልድ ኖሯል።

እኔ ቀኖናውን ከሚቀበሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም በሌሊት በሩቅ አገር የታመመ ማሽን ለሚጠግን ሰው መስመሩ ዛሬም ቀጭን ሊሆን ስለሚችልና፣ በዩኒክስ ማሽኖች ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው ይኸው ቪአይ ወይም ዘሩ ስለ ሆነ ነው። ከዘሮቹም እጅግ የተስፋፋውን ቪምን በ1991 ያወጣው ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር፣ በ2023 እስካረፈ ድረስ ለፕሮግራሙ ዋጋ ሳይጠይቅ፣ የሚከፍተው ሁሉ በኡጋንዳ በኪባሌ ለሚገኙ ችግረኛ ሕፃናት እንዲረዳ በመግቢያው ገጽ ላይ ይለምን ነበር።