የማድ ቤት ጭስ መውጫ

የሳር ክዳን ጎጆ የተለየ የጭስ መውጫ የለውም። ከጉልቻው የተነሣው ጭስ ጣሪያው ሥር ከተጠራቀመ በኋላ በሳሩ መሐል ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ የቀረው በበሩ ይወጣል። ይህ ጭስ ጥቅም ነበረው። ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል፣ ከእሳቱ በላይ የተሰቀለውን የበቆሎ ዘር ከነቀዝ ያተርፋል፣ ቋንጣ ያደርቃል። ከምጣድና ከድስት ሥር የሚፋቀው ጥላሸትም የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ሲበጠብጡ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ዋጋውን ግን የምትጋግረው ሴትና በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ከፍለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ዙሪያ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆነ ገምቷል።

በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ የተገኘው መላ ጭሱን ማራቅ ነበር። ማድ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ከእልፍኝና ከአዳራሽ ተለይተው ይሠሩ ነበር። ይኸው ልማድ በአዲስ አበባ ቪላዎች ጓሮ ሰርቪስ ቤት ሆኖ ቀጠለ። ጭሱ ከእንግዳ ራቀ፤ ከምታበስለው ግን አልራቀም።

የቆርቆሮ ክዳን ነገሩን አባባሰው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ዕቃ ማጓጓዝ ቀለለና ቆርቆሮ በከተማው እየተለመደ ሄደ። ቆርቆሮ እንደ ሳር ጭስ አያሰርግም። የእንጀራው እንፋሎት ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሥር ውሃ ይሆንና ጥላሸቱን እያጠበ በጥቁሩ ጠብ ጠብ ይላል። ስለዚህ ግድግዳው ከጣሪያው ሳይደርስ ክፍት ይተዋል፤ አቅም ያለው ደግሞ የላሜራ ቱቦ ያስተክላል። ቱቦው ውስጥ ጥላሸት በተከማቸ ቁጥር ጭሱ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። ክፍተቱም ቢሆን ጥላሸትና የሸረሪት ድር ይይዛል፤ ረጅም እንጨት ላይ መጥረጊያ አስሮ ማውረድ የግድ ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ምርጥ ምጣድ የተባለውን ምድጃ ሲያዘጋጁ በመጀመሪያ ያሰቡት ስለ ማገዶው ነበር። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ከአሸዋ የሚሠራው ይህ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል። ጭሱ በስተኋላ ሲወጣ እዚያው የተጣደውን ድስት ያሞቃል። በኋላ ቱቦ የተገጠመለት ዓይነትም መጣ፤ ለጋጋሪዋ ዐይንና ሳንባ የሚሻለው ይህኛው ነው።

አየርን በኤሌክትሪክ የመግፋት ሐሳብ የመጣው ከሌላ አገር ነው። አሜሪካዊው ስካይለር ዊለር በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ሠራ፤ በብሪታንያ ደግሞ ቬንት አክሲያ የተባለው ድርጅት በ1936 እ.ኤ.አ. በመስኮት የሚገጠም አየር ማውጫ ይዞ ተነሣ። በአዲስ አበባ መሣሪያው በተለይ የሚያስፈልገው ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በብዛት የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች የሰርቪስ ቤት ጓሮ የላቸውም፤ የቁሌቱ ሽታና ከኤሌክትሪክ ምጣዱ የሚነሣው እንፋሎት ከሳሎኑ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው የሚወጣው።

ጥላሸትን የተካው ቅባት ነው። ከቁሌቱ የሚነሣው የዘይት ጤዛ መጀመሪያ በቬንትሌተሩ የአሉሚኒየም ወንፊት ላይ ይጋገራል፤ ወንፊቱ ሲደፈን የአየሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ያመለጠው ቅባትም ክንፎቹ ላይ አቧራ እየያዘ ይወፍራል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ሲከብድ ቬንትሌተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው ያለጊዜው ያልቃል። ወንፊቱን በፈላ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፎ ማጠብ አብዛኛውን ይህን ብልሽት ይከላከላል። የተጋገረ ቅባት እሳትም ስለሚይዝ ጽዳቱ ለምግብ ቤቶች ከሁሉ የሚቀድም ጉዳይ ነው።

ሞተሩ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ጠጋኙ በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ያቋርጥና ክንፉን በጣቱ ያዞረዋል። ከከበደ ዘንጉ በደረቀ ቅባት ተይዟል፤ ይጸዳና ይቀባል። ቀልሎ እየዞረ በኤሌክትሪክ ካልተነሣ፣ ካፓሲተር ባለው ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው። ጥቅሉ የተቃጠለበትን ሞተር በአዲስ የመዳብ ሽቦ የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ትንንሾቹን ግን መለወጥ ይረክሳል።

የመታጠቢያ ቤቱ ቬንትሌተር ጠላቶች እርጥበትና የልብስ ብናኝ ናቸው። ብናኙ የውጭውን መዝጊያ ሲያጣብቀው መዝጊያው አይከፈትም፤ ሞተሩ እየሠራ አየሩ አይወጣም። በር ሥር ክፍተት ከሌለም እንዲሁ ነው፤ የሚገባ አየር ሳይኖር የሚወጣ የለም።