ከሥዕሉ ጀርባ

ለንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ስልክ ደወለልኝ። የገባበት ቤት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነው። «ወደ ጥንቱ መልኩ ልመልሰው ብዬ ዋጋ ባጠያይቅ ራሴን አዞረኝ። የቪክቶሪያ ቤት ለካ የሀብታም ጨዋታ ኖሯል!» አለኝ።

«ተሳስተሃል፤ እንዲያውም ያንተ ቢጤዎች ጨዋታ ነበር» ብዬ ታሪኩን አጫወትኩት። ለእናንተም ላጫውታችሁ።

ንግሥቲቱ የገዛችው ከ1837 እስከ 1901 ነው (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር አንድ ዓይነት ሰው በዛ፤ የቢሮ ጸሐፊ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ባለሱቅ። ርስት የለው፣ ዘር ማንዘሩ አይቆጠርለት። ክብሩን የሚያሳየው በቤቱ፣ ከቤቱም እንግዳ በሚቀበልበት ሳሎን ነበር። ደመወዙ ግን ያው ደመወዝ ነው። ታዲያ ምን ይሁን? መላ ተፈለገ።

በመጀመሪያ የግድግዳ ወረቀት ረከሰ። ከ1712 ጀምሮ ተጥሎበት የነበረው ቀረጥ በ1836 ተነሣ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ላንክሻየር ውስጥ ዳርወን በምትባል ከተማ ወረቀቱን በማሽን ማተም ተጀመረ። ድሮ በእጅ እየታተመ የመኳንንቱን ቤት ያስጌጥ የነበረው ነገር የጸሐፊው ሳሎን ገባ። በ1840 የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን ርካሹን ብረት በኤሌክትሪክ ብር የሚያለብስበትን ዘዴ አስመዘገበ፤ የብር ዕቃ አምሮት ያልደረሰለት ሁሉ ማንኪያው አብረቀረቀለት። በ1877 ፍሬድሪክ ዋልተን የሚባል ሰው ከተልባ ዘይት፣ የተቀረጸ እንጨት ወይም የተጌጠ ቆዳ የሚመስል የግድግዳ ልባስ ሠራ፤ ሊንክረስታ ተባለ። እሱም ተወደደና በ1887 ከወረቀት የሚሠራ፣ ቀለል ረከስ ያለ አናግሊፕታ መጣ። ተራውን የጥድ በር ደግሞ ቀለም ቀቢው በብሩሽና በማበጠሪያ እየጫረ ውዱን የኦክ እንጨት ያስመስለዋል። በአጭሩ፣ አንዱ ሌላውን ያልመሰለበት ነገር አልነበረም።

ቻርልስ ዲከንስ ይህን አይቶ ዝም አላለም። በ1864 ማሳተም በጀመረው «አወር ሙቹዋል ፍሬንድ» ልብ ወለዱ ውስጥ ዕቃቸው ሁሉ አዲስ የሆነ ባልና ሚስት አሉ፤ ስማቸውን ቬኒሪንግ አላቸው። ቬኒር በርካሽ እንጨት ላይ የሚለጠፍ ስስ የውድ እንጨት ልባስ ነው።

እኔ ግን ከሁሉ የሚያስቀኝ የሊንሊ ሳምቦርን ቤት ነው። ሰውዬው ለ«ፓንች» መጽሔት ካርቱን ይስል ነበር። ኬንሲንግተን፣ ስታፎርድ ቴራስ ቁጥር 18 የነበረው ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ የዘመኑን አኗኗር ማየት የፈለገ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ሳምቦርን ጌጥ ይወዳል፤ ኪሱ ግን እንደ ልቡ አልነበረም። ቆዳ መሳዩን ውድ የጃፓን ወረቀት ገዝቶ ሳሎኑን ሲያለብስ ትልልቅ ሥዕሎች የሚሸፍኑትን ቦታ ዘለለው። ማን ያየዋል? እንግዳ ሥዕል አንሥቶ ጀርባውን አያይ!

ወዳጄ እዚህ ላይ ከት ብሎ ሳቀ። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ከሥዕሉ ጀርባ ባዶ ግድግዳ ቢኖር ማንንም አይጎዳም። ከርካሹ ጌጥ ጀርባ የተደበቀው ሁሉ ግን እንዲህ የዋህ አልነበረም።

በዘመኑ እጅግ የተወደደው አረንጓዴ ቀለም አርሴኒክ ነበረበት፤ መርዝ ማለት ነው። በ1862 በምሥራቅ ለንደን፣ ላይምሃውስ በሚባል ሠፈር የአንድ ቤት አራት ልጆች ተከታትለው ሞቱ። መጀመሪያ ዲፍቴሪያ ነው ተባለ፤ በኋላ ግን ጣት የተቀሰረው በአረንጓዴው የግድግዳ ወረቀት ላይ ነበር። የውበት ሐዋርያ የሚባለው ዊልያም ሞሪስ እንኳ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶቹ አርሴኒክ ነበረባቸው፤ ሀብቱም በከፊል የመጣው ዴቨን ውስጥ አርሴኒክ ከሚያመርት የማዕድን ኩባንያ ድርሻ ነው።

ከዚያ ደግሞ አቧራው አለ። ያን ሁሉ ጌጣጌጥ፣ መጋረጃና ጥልፍ የሚያራግፈው ማን ይመስላችኋል? አቅሙ ለአንድ ገረድ ብቻ በሚደርስ ቤት ምድጃ የምትለኩሰውም፣ የምታበስለውም፣ ደረጃ የምትፈትገውም ያችው አንዷ ናት። ኢዛቤላ ቢተን በ1861 ባሳተመችው የቤት አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ይህቺ ሠራተኛ ሥራዋ የማያልቅ፣ የምታሳዝን ፍጡር መሆኗን ሳታነሣ አላለፈችም።

እንግዲህ ርካሽ ማስመሰሉን የነቀፉ ነበሩ። ቻርልስ ኢስትሌክ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንጨት እንጨቱን ይምሰል፣ ቀለም እየቀባችሁ ሌላ አታስመስሉት ብሎ መከረ። ምን ዋጋ አለው! አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካዎች በሱ ስም ርካሽ የቤት ዕቃ መቸርቸር ጀመሩ፤ እሱም የኔ አይደለም ብሎ ካደ።

እኔ እንደ ኢስትሌክ አልጨክንም። ድሃ ቤቱን ማሳመር ቢያምረው ምን ነውር አለበት? ወረቀት እብነ በረድ ቢመስል የሚታለለው ዓይን ብቻ ነው። ነውሩ የሚመጣው የርካሹን ዋጋ ሌላ ሰው፣ ያውም በሳንባውና በጉልበቱ ሲከፍለው ነው።

«ስለዚህ የጨረታ ቤት አሮጌ ፍሬም ሰብስብ፣ አናግሊፕታህን ለጥፍ፣ ከሥዕል ጀርባም ወረቀት አታባክን» አልኩት ወዳጄን። «በሮቹስ?» አለኝ። ለካ እሑድ እሑድ የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ነበር፤ የሦስት ዓመት ልጁም እዚያው አጠገቡ ትጫወታለች።

ሳቄ ጠፋ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በደረቁ ሲፋቅ የሚበነው ብናኝ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። «ሥራውን አቁም፤ አስቀድመህ ቀለሙን አስመርምር። ልጅቷንም ወስደህ አሳያት» አልኩት።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላል ያገሬ ሰው። ወዳጄ ስልኩን ሳይዘጋ ልጁን ሲጠራት ሰማሁት።