በደብረ ማርቆስ አካባቢ ስለ ጎተራ አሠራርና ታሪክ

በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ አውራጃ፥ ክሬሲንግ ቴምፕል በተባለው ስፍራ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ13ኛው መቶ ዓመት በባሉጥ እንጨት የተዋቀረ ታላቅ የእህል ማከማቻ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ተመራማሪው ግንዱን መርምሮ ዘመኑን ለማወቅ ይችላል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የገበሬውን ግቢ ለሚመለከት ግን እንዲህ ያለ ዘመን ጠገብ ጎተራ አይገጥመውም። ይህም ጎተራችን የሕንፃ ታሪክ የለውም ሊያሰኝ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ጎተራ በየጊዜው እየታደሰ የሚኖር ሥራ ስለ ሆነ፥ ታሪኩ የሚፈለገው ከእንጨቱ ዕድሜ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው።

በመጀመሪያ ጎተራን ከጎታ መለየት ያስፈልጋል። ጎታ ከጭቃና ከእበት ተበጅቶ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ ጎተራ ግን በደጅ ይቆማል። እርጥበትና ምስጥ እንዳያገኘው ከድንጋይ ላይ በተረበረበ እንጨት ይደላደላል። ከዚያም በቋሚዎቹ ቀጫጭን እንጨቶች መካከል የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ለጋ ቅርንጫፍ እየተላለፈ እንደ ቅርጫት ይጐነጐናል፤ ውስጡና ውጭው ጭድ በገባበት ጭቃና በእበት ይለሰናል፤ በላዩም የሣር ክዳን ይደፋበታል። በቤት ግድግዳ ላይ ማገሩ በልጥ ከቋሚው ጋር ይታሰራል፤ የጣራውም ክብደት በግድግዳውና በምሰሶው ላይ ያርፋል። ጎተራ ምሰሶ የለውም፤ የሚያስጨንቀውም የክዳኑ ክብደት ሳይሆን እህሉ ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት ነው። ጭቃ ብቻውን ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ክብ ሆኖ የተጐነጐነው እንጨት ግን ግፊቱን በዙሪያው ሁሉ ተካፍሎ ይይዘዋል። ባለሙያው ይህን በስሌት ሳይሆን በእጁ ያውቀዋል።

በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ይቀበራል፤ ጉድጓድም ይሰውራል። ጎተራ ግን የባለቤቱን ሀብት ከሩቅ ያሳያል፤ ይህም በክፉ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ በደርቡሽ ድል ሆኑ፤ በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በንጉሡ ላይ ተቈጥተው ወደ ጎጃም ዘመቱ፤ አገሩም ጠፋ። የከብት እልቂትና ረኀብም በዚያው ሰሞን ተከተለ። ሠራዊት ስንቁን ከባላገሩ ማግኘት ልማዱ ስለ ነበረ፥ በደጅ የቆመ ጎተራ አስቀድሞ ዐይን ውስጥ የሚገባ እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ዐሥራትን ሲደነግጉም ዐላማቸው ወታደሩ በገበሬው ቤት ማደሩን ትቶ ቀለቡን ከመንግሥት ጎተራ እንዲቀበል ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ዐሥራትን ሽሮ ግብሩን በገቢ ግምት ላይ ባቆመ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ዐመፀ። ዋናው ሥጋት ርስቴ ይለካብኛል የሚለው መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ሀብቱ በደጅ ቆሞ ለሚታይበት ሰው ግምት የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ አብሮ መታሰብ አለበት እላለሁ።

ዛሬ እህሉ ማዳበሪያ በሚባለው ከረጢት እየሆነ ወደ ቤት መግባት ጀምሯል፤ ባሕር ዛፍም የአገር በቀሉን እንጨት ስፍራ ይዟል። ስለዚህ ጎተራ ሲሠራ የሚገኝ ተማሪ የቋሚውን ብዛት፥ የጕንጕኑን ዐይነት፥ የልስኑን ውፍረት ለክቶ፥ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ከባለሙያው አፍ ይጻፍ። ጎተራው ከጥቂት ዓመት በኋላ ስለሚፈርስ፥ የዛሬው ልኬት ነገ ተመልሶ አይገኝም።