ስለ በገና ድምፅ መቀዳትና መደራረብ

ድምፅን ቀድቶና ለውጦ አዲስ ዜማ የማውጣት ጥበብ በአፍሪካ የቈየ ነው። ግብፃዊው የዜማ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 እ.ኤ.አ. በካይሮ፥ በአገራችንም የሚታወቀውን የዛር ሥርዐት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ ድምፁን ለወጠ። ይኸው ሰው በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 እ.ኤ.አ.ም የልዩ ልዩ ሕዝቦችን መሣሪያዎች ያስተባበረውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ።

ዛሬ በኮምፒዩተር የሚመታ በገና የሚዘጋጀው እያንዳንዱ አውታር በለስላሳ፥ በመካከለኛና በብርቱ ምት ለየብቻው ተቀድቶ ነው፤ እንደ እጁ ጥንካሬ ተገቢው ንብርብር ይነሣል። አንድ ቅጂ ብቻ ቢደጋገም ጆሮ ፈጥኖ ያውቀዋልና ብዙ ቅጂዎች ይፈራረቃሉ።

ይሁን እንጂ የበገና ግርማ ከዐሥሩ አውታሮች ብቻ አይወጣም። በበርኩማው ላይ ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቍራጭ ቈዳ፥ ማለት እንዚራው፥ ድምፁን ያንዘረዝራል፤ ቦታውም ጥቂት ቢናወጥ ድምፁ ይለወጣል።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ቅኝት ነው። ፒያኖ ኦክታቩን ለ12 እኩል ይከፍላል፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን በዚህ ልክ አይታሰሩም። ቀጂው ቅኝቱን ወደ 12ቱ ቢገፋ የሚቀረው የበገና መልክ እንጂ በገና አይደለም።

በአዋሽ አርባ በኩል ባለው በአፋሮች ዘፈን ደግሞ ጭብጨባው ራሱ መሣሪያ ነው፤ የአንድ ሰው ጭብጨባ መቶ ጊዜ ቢባዛ ማኅበሩን አያሰማም። ስለዚህ የሚቀዳ ሁሉ የደርዳሪውን ስም፥ ቅኝቱንና ቦታውን ከድምፁ ጋራ ይመዝግብ፤ ይህ ከጐደለ ተከታዩ ትውልድ ቅጂውን ከባለቤቱ ሊያስተያየው አይችልም።