ከ12 ቮልት ማዶ፦ የመኪና አምፕሊፋየር በቦሌ መንገድ

እንደሚታወቀው የአውቶሞቢል ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣትና መብራት ለማብራት እንጂ ሙዚቃ ለማሰማት አይደለም። ይሁንና ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከመገናኛም እስከ ገርጂና አያት በሚመላለሱ መኪናዎች ውስጥ የሚያስተጋባው ከባድ የቤዝ ድምፅ የሚቀዳው ከዚሁ ባትሪ ነው። በመሆኑም የመኪና ድምፅ ታሪክ ከስፒከር ታሪክ ይልቅ የ12 ቮልት ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

ሞቶሮላ የተባለው የመኪና ራዲዮ በ1922 ዓ.ም. በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ የመኪናዎች ባትሪ በአብዛኛው 6 ቮልት ነበር። የዘመኑ የራዲዮ ቫልቭ ደግሞ ከ100 ቮልት በላይ ይጠይቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተገኘው መላ ቫይብሬተር ነው፤ ይኸውም በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል እየተከፈተና እየተዘጋ የባትሪውን ጅረት የሚቆራርጥ የብረት ምላስ ሲሆን፣ የተቆራረጠው ጅረት በትራንስፎርመር አማካይነት ወደሚፈለገው ቮልት ከፍ ይል ነበር። ትራንዚስተር በ1940 ዓ.ም. ከተፈለሰፈ በኋላ ግን ራዲዮ በባትሪው ቮልት በቀጥታ ሊሠራ ስለቻለ ቀስ በቀስ ቫይብሬተር ተረሳ።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ሲረከብ፣ የልደታን ማረፊያ የተካው ቦሌ የጄት ዘመን ማረፊያ ሆነ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ፊሊፕስ ትንሿን ካሴት በበርሊን ለሕዝብ አሳየ። ሁለቱ ድርጊቶች ዝምድና ባይኖራቸውም፣ አንዱ ለቦሌ መንገድ፣ ሌላው በመንገዱ ላይ ለሚሰማው ሙዚቃ መነሻ ሆነዋል ቢባል ከእውነት አይርቅም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ማሳተም የጀመረው ሸክላ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ የሚጫወት አልነበረም። በደርግ ዘመን ሸክላውን የተካው ካሴት ግን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባውን ታክሲ ሳይቀር የሙዚቃ ቤት አደረገው።

ያ ድምፅ ታዲያ ልክ ነበረው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ቮልት 14.4 ቢደርስ፣ ተራ የትራንዚስተር ማጉያ ለ4 ኦም ስፒከር ሊሰጥ የሚችለው ንጹሕ ኃይል ቢበዛ 6.5 ዋት ነው። ሁለት ማጉያዎች ተጣምረው ስፒከሩን ከሁለት ወገን ሲነዱት 26 ዋት ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሒሳቡ አይፈቅድም። በብዙ ቴፖች ፊት ላይ የሚነበበው «50 ዋት» ሞገዱ አናቱ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሲሆን የሚገኝ ቁጥር ነው። ሻጭ ቢደሰትበት ያምርበታል፤ መሐንዲስ ግን ሊያምነው አይገባም።

ሰብዎፈር የሚጠይቀውን ኃይል ለማግኘት የተረሳው የቫይብሬተር ሐሳብ እንደገና ተነሣ። በዛሬው ትልቅ አምፕሊፋየር ውስጥ ትራንዚስተሮች በሴኮንድ በአሥር ሺሕዎች ጊዜ ጅረቱን እየቆራረጡ፣ በትንሽ ትራንስፎርመር አማካይነት ቮልቱን ከባትሪው በላይ ያወጡታል። ነገር ግን ቮልት ሲጨምር ዋጋውን የሚከፍለው አምፔር ነው። 500 ዋት የሚያወጣና 60 ከመቶ ብቃት ያለው ማጉያ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ከ13.8 ቮልት 60 አምፔር ይስባል። አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችው ላዳ፣ የ2101 ሞዴል፣ ዲናሞዋ በሙሉ ፍጥነት የሚሰጠው 42 አምፔር ብቻ ነበር። ብቃቱ 80 ከመቶ የሆነው የ«ዲ» ክፍል ማጉያ እንኳ 45 አምፔር ይፈልጋል። ሙዚቃ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ስለማይጫወት ጉድለቱን ባትሪው ይሸፍናል፤ ሆኖም በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሽከረከር ዲናሞው ከሙሉ አቅሙ በእጅጉ ያነሰ ስለሚሰጥ፣ መብራቶቹ ከከበሮው ጋር ብልጭ ድርግም ሲሉ ይታያል።

ሽቦውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። 60 አምፔር በ5 ሜትር ርዝመትና በ4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ሲያልፍ 1.3 ቮልት ይጠፋል፤ 80 ዋት ያህልም ከምንጣፉ ሥር ሙቀት ይሆናል። በ16 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው ከ0.4 ቮልት በታች ነው። ፊውዙም ከባትሪው ምሰሶ ከግማሽ ሜትር ሳይርቅ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው ማጉያውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ማጉያው ዘንድ ብቻ ፊውዝ የገባለት ሽቦ በመካከል ተፍቆ ከመኪናው አካል ጋር ቢገናኝ፣ እስኪነድ ድረስ የሚያቆመው የለም።

ከውጭ አገር የሚመጣ መመሪያ የማይነግረው ሌላ ጉዳይም አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ የቤዝ ድምፅ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ስለሚመጣጠን፣ በጅቡቲ በ300 ዋት የሚገኘው ድምፅ በቦሌ 500 ዋት ያህል ይጠይቃል። ቀጭኑ አየር ማጉያውንም በሚገባ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ በመቀመጫ ሥር ተወትፎ የሚገጠም ማጉያ እዚህ ቶሎ ይግላል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በቦሌ ጎዳና የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። በእነዚህ ውስጥ ዲናሞ የለም። ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ከዋናው ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ወስዶ ዝቅ የሚያደርግ መለወጫ ነው፤ ቫይብሬተር ወደ ላይ ያወጣውን ቮልት ይህ ወደ ታች ያወርደዋል። አቅሙም ለመኪናው መብራት፣ ለመሪው፣ ለፍሬኑና ለኮምፒዩተሩ የተመደበ ስለሆነ፣ ለማጉያ የሚተርፈው አምፔር ከፋብሪካው ሰነድ ሳይረጋገጥ አይገጠምም። የከፍተኛ ቮልት ሽቦዎች በብርቱካናማ ቀለም ተሸፍነው በወለሉ ሥር ስለሚያልፉ፣ ገጣሚው መሰርሰሪያውን ከማንሣቱ በፊት መንገዳቸውን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።