ሕጉን የጻፈው ተጫዋች

ስሙኝማ፣ የአንድ ሰው ታሪክ ልተርክላችሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ቶማስ ዊልስ ይባላል፤ ቶም ይሉታል። በ1835 አውስትራሊያ ውስጥ ተወለደ። አያቱ ተፈርዶበት ከእንግሊዝ በግዞት የመጣ፣ አባቱ ሆራሺዮ ግን በበግ እርባታ የከበረ ሰው ነበር። ቶም ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ መንጋውን እየነዳ ወደ ቪክቶሪያ ምድር ዘለቀ፤ ግራምፒያን ከሚባሉት ተራሮች አጠገብ ሰፈረ። ምድሩ ግን ባለቤት ነበረው፤ የጃብ ዉሩንግ ሕዝብ አገር ነው። በአካባቢው ነጭ ልጅ እምብዛም ስላልነበረ ቶም ያደገው ከጃብ ዉሩንግ ልጆች ጋር ነው። ቋንቋቸውን ተናገረ፣ ዘፈናቸውን ዘፈነ፣ ጭፈራቸውን ጨፈረ። ይህን አትርሱብኝ።

በ14 ዓመቱ አባቱ እንግሊዝ አገር ራግቢ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ላከው። ለትምህርቱ ብዙም አልነበረም፤ ለጨዋታ ግን የተፈጠረ ነው። የትምህርት ቤቱን የክሪኬት ቡድን በአምበልነት መራ፤ እዚያ የሚጫወቱትንም ኳስ ለመደ። በ1856 መጨረሻ ሲመለስ ሜልቦርን በወርቅ ፈላጊ ተጥለቅልቃ አገኛት።

ክሪኬት የበጋ ጨዋታ ነው፤ ክረምት ሲገባ ተጫዋቹ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በሐምሌ 1858፣ እዚያም ክረምት ነው፣ ቶም ለአንድ የስፖርት ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ የእግር ኳስ ክለብ ይቋቋም፣ ሕግ የሚያወጣ ኮሚቴም ይመረጥ አለ። በነሐሴ ሁለት ትምህርት ቤቶች በየወገኑ 40 ልጆች አሰልፈው ተጋጠሙ። ከዳኞቹ አንዱ ቶም ነበር። ጨዋታው ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶ በአንድ ለአንድ አለቀ።

በግንቦት 1859 ቶም ከዊልያም ሀመርስሊ፣ ከጄምስ ቶምሰንና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር አንድ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ 10 ሕግ አወጣ። በራግቢ የተለመደው ቅልጥም መምታት ተከለከለ። ከእግር የተነሣን ኳስ መሬት ሳይነካ የቀለበ ሰው፣ ማንም ሳይነካው እንዲመታ ተፈቀደለት። የዛሬ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ተመልካች ብድግ ብሎ የሚጮኽለት፣ ማርክ የሚሉት ቅለባ ሥሩ ይኸው ነው። የነባሩ ሕዝብ ልጆች ማርንግሩክ የሚባል የኳስ ጨዋታ ነበራቸውና፣ ቶም ከእነሱ ቀድቶ ይሆን ወይ የሚል ክርክር አለ። የሚያረጋግጥ ጽሑፍ አልተገኘም። እኔ ግን ልጅነቱን ከሰውዬው መነጠል ይከብደኛል።

በ1861 አባትና ልጅ በጎቻቸውን እየነዱ ወራት ተጉዘው ኩዊንስላንድ ገቡ፤ ከለን ላ ሪንጎ በተባለው ቦታ ድንኳን ተከሉ። ቶም ዕቃ ሊያመጣ በሄደበት፣ ጥቅምት 17 ቀን የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የጋይሪ ሰዎች ሰፈሩን መቱት። ሆራሺዮን ጨምሮ 19 ሰው ሞተ። ነጮች በአጸፋው እየዞሩ ከነባሩ ሕዝብ እጅግ ብዙ ሰው ገደሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ የታተመ አንድ የጋዜጣ ጽሑፍ ቶምም በበቀሉ ነበረበት ይላል፤ የታሪክ ሰዎች አልተስማሙበትም።

አሁን አትርሱብኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። አባቱ ከተገደለ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1866፣ ይኸው ሰው ወደ ምዕራብ ቪክቶሪያ ሄዶ የነባሩ ሕዝብ ክሪኬተኞች አሠልጣኝ ሆነ። ጆኒ መላህ የሚባለውን ድንቅ ተጫዋች ይዞ፣ በፈረንጆቹ ገና ማግሥት በሜልቦርኑ ታላቅ ሜዳ በተሰበሰቡ ሺዎች ፊት ቡድኑን አሰለፈ። ሀዘኑ ያልሻረለት ሰው ይህን ማድረጉ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ለምን እንዳደረገው በቃሉ የነገረን ነገር የለም። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ በ1868 ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ፤ ወደዚያ የዘመተ የመጀመሪያው የአውስትራሊያ የክሪኬት ቡድን ሆኑ። ያን ጊዜ የመራቸው ግን ሌላ ሰው ነበር።

ቶም በጊሎንግ ክለብ ኳስ እየተጫወተ ዓመታት ቆየ። መጠጡ ግን በረታበት፤ ገንዘቡም ጤናውም አለቀ። በግንቦት 1880 ሃይደልበርግ በምትባል የሜልቦርን ዳርቻ፣ በ44 ዓመቱ፣ ሕመሙ አእምሮውን አሸንፎት ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። መቃብሩ መቶ ዓመት ያህል ያለ ድንጋይ ቆየ፤ በ1980 ነው የቆመለት። ዛሬ በሜልቦርኑ ሜዳ ደጅ የ1858ቱን ግጥሚያ ሲዳኝ የሚያሳይ ሐውልት አለው።

የአውስትራሊያን እግር ኳስ ቶም ብቻውን አልፈጠረውም። ከፈጠሩት ግን ስሙ ቀድሞ መጠራት ያለበት እሱ ነው፤ ሲጠራም የጃብ ዉሩንግ ልጆች አብረውት ይጠሩ።